የመካሪው ዋጋ፦ በጣና ዳር የእርሻ ባለሙያ ደመወዝና አኗኗር

የጣና ባሕር ዳርቻ፣ ከዘጌ የቡና ጥላ እስከ ፎገራ ሜዳ፣ ከደንቢያ ጥቁር አፈር እስከ ዓባይ መውጫ ድረስ፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀው በሦስት ወገን ሰዎች ሥራ ነው፤ በደሴቶቹ ገዳማት መነኮሳት ጸሎትና ድርሳን፣ በነገሥታቱ ከተማና ዘመቻ፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ በመገበው ገበሬ ሞፈርና ቀንበር። ካለፉት ሰባ ያህል ዓመታት ወዲህ ግን በዚህ ምድር ላይ አራተኛ ሰው ሲመላለስ ኖሯል፤ እርሱም ጸሎተኛ ያልሆነ፣ ሹመትም የሌለው፣ የራሱ ርስትም በዚያ የማይገኝ፣ ዳሩ ግን ስለ ዘርና ስለ አፈር፣ ስለ ከብትና ስለ ውኃ ገበሬውን እንዲመክር ደብተርና እርሳስ ይዞ የተላከ የእርሻ ባለሙያ ነው። ስለ ሦስቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አራተኛው ግን፣ ምን እንደ ሠራ ዘገባ ቢጻፍለትም፣ በምን እንደ ኖረ የተናገረለት ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለእርሻ መካሪ የሚከፈለው ዋጋ ሁለት መሆኑን ነው። አንደኛው መንግሥት በወሩ መጨረሻ በገንዘብ የሚቆርጥለት ደመወዝ፣ ሁለተኛውም ገበሬው በልቡ የሚሰጠው አመኔታ ነው። በጣና ዳር ታሪክ ፊተኛው ሁልጊዜ ጥቂት ሆኖ ኖሯል፤ ኋለኛውን ግን፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ያላወጣበትና ሊተካውም የማይችለው ሀብት ሲሆን፣ በየዘመኑ የተነሡት ሹማምንት ለሌላ ጉዳይ አዋሉት፤ ባለሙያውንም ከደመወዙ ማነስ ይልቅ የጎዳው ይኸው ነው።

ባለሙያው ከመምጣቱ አስቀድሞ ምክር አልነበረም ማለት ከቶ አይቻልም። በዘጌ ልሳነ ምድር ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ለጻድቁ ለአቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፤ በዚያም ምድር በበሬ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሊቃውንት የደን ጥበቃ የሚሉትን ሕግ የገዳሙ ሥርዓት ብዙ ዘመናት ቀድሞ ደንግጎት ነበር። በሜዳውና በደጋው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናት አጽዋማትንና በዓላትን ሲያውጁ ገበሬው የራሱን የእርሻ ወራት በእነርሱ ይለካ ነበር፤ ከሰኔ ሚካኤል በፊት የሚታረሰው፣ ከሐምሌ አቦ በኋላ የሚዘራው፣ ለመስቀል የሚደርሰው እየተባለ የአባት ልምድ ለልጅ ይተላለፋል። ሽማግሌው ለምክሩ የሚያገኘው ዋጋ በማኅበሩ ላይ የፊተኛ ወንበርና በድግሱ ላይ የፊተኛ ጽዋ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ለነገራችን የሚጠቅመው በረዶ ይመልሳል ተብሎ የሚታመነው ደብተራ ነው። በጎጃምና በበጌምድር ብዙ አጥቢያዎች፣ ክረምቱ ሲከብድ ሰብሉን ከበረዶ በጸሎትና በጥበቡ እንዲጠብቅ ገበሬዎች አንድ ደብተራ ይይዙ ነበር፤ መከሩ በደኅና ከገባም በኋላ ከየአውድማው እህል ያወጡለታል። የጥበቡን እውነትነት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ ልብ ሊባል የሚገባው የክፍያው ሥርዓት ነው። ደብተራው ዋጋውን የሚቀበለው ካገለገለው ሰው እጅ ነው፤ የሚቀበለውም መከሩ ታይቶ ነው፤ ሰብሉም ቢጠፋ የሚጠየቀው በዚያው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው። አገልጋዩና ተገልጋዩ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ይህ ሥርዓት፣ በኋላ የመጣው የመንግሥት ባለሙያ ያላገኘው ነገር ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ከሩቅ ወደ ማሳው የሚመጣው ሰው፣ ዐሥራት ለመገመት፣ ግብር ለመጣል ወይም መሬት በቃላድ ለመለካት የሚመጣ ሰው ነበር። የጎጃም ባላገር ርስቱን በዘር ቆጥሮ የያዘ ስለ ሆነ፣ የመሬቱን መለካት የርስቱ መነጠቂያ አድርጎ ያየው ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽና በ1940ዎቹ መጀመሪያም ለዚሁ ሲል ከመንግሥት ጋር ተጋጭቷል። እንግዲህ ወደፊት የሚመጣው የእርሻ መካሪ ደብተሩን ይዞ በማሳው ዳር ሲቆም፣ ገበሬው የሚያስበው የትኛውን ጸሐፊ እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም።

የዘመናዊው መካሪነት ሥር ከጣና ርቆ የተተከለ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሥራ የራሱን ሚኒስቴር አገኘ፤ ከዚያም በኋላ የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይሁን እንጂ ባለሙያን ወደ ገበሬ መንደር መላክ የተጀመረው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. ባወጁት የአራተኛው ነጥብ የቴክኒክ ርዳታ ምክንያት ነው። የዚህ ርዳታ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው፣ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋግረው ነበር፤ ምንም እንኳ እርሳቸው በ1944 ዓ.ም. በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱ፣ በዚያው ዓመት ኮሌጃቸው ከመንግሥታችን ጋር ውል ገባ። በውሉም መሠረት በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በሐረርጌም የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። ኮሌጁ ሦስት ተግባራት በአንድነት ተሰጡት፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተመረመረውን ለገበሬ ማድረስ። ይህ ሦስተኛው ተግባር በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ።

ይህ ዝውውር በወረቀት ላይ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ለባለሙያው ግን የኑሮውን መልክ የለወጠ ነው። በኮሌጁ ሥር ሳለ የመምህራን ወገን ነበር፤ ከሚኒስቴሩ ሥር ሲገባ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። በእርግጥ ይህ መልካም ጎን ነበረው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የጡረታ ሕግ ስለ ወጣ፣ ወጣቱ የእርሻ ምሩቅ ደረጃ፣ ወርኃዊ ደመወዝና ለእርጅናው ዋስትና ያለው ሰው ሆነ፤ ይህም በዚያ ዘመን በገጠር ለተወለደ ልጅ ከፍ ያለ መዓርግ ነበር። ዳሩ ግን ዕድገቱ የሚወሰነው በአለቃው ሪፖርት እንጂ በገበሬው መከር አይደለም፤ የሚፈራውም ሆነ የሚያመሰግነው ጌታ በወረዳና በአውራጃ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጥ ሆነ። በተጨማሪም የመንግሥት ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት ከፍ ያለ ደመወዝ የሚሰጠው ለኃላፊነት ወንበር ስለ ነበረ፣ ጎበዙ ባለሙያ ዕድገት ያገኘ ዕለት ከማሳው ይለያል፤ ይህም ጉድለት ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ሳይታረም የቆየ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣና የጎጃም ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ሲነሣ፣ የመካሪውም ሥራ የጥርጣሬው ተካፋይ መሆኑ የማይቀር ነበር። የማሳውን ስፋት የሚጠይቅ፣ ምርቱን በኩንታል የሚመዘግብ፣ የከብቱን ቁጥር የሚጽፍ ሁሉ ለባላገሩ ገማች ይመስላል፤ መካሪው ደግሞ እነዚህን ሦስቱን ሳያውቅ ሊመክር አይችልም። በወቅቱ መንግሥት ግብሩን ትቶ ሰላም አወረደ፤ ነገር ግን ለባለሙያው የቀረለት ትምህርት፣ ከአንድ ግምጃ ቤት የሚከፈለው መካሪና ግብር ሰብሳቢ በገበሬው ዓይን በቀላሉ የማይለዩ መሆናቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ባሕር ዳር ራሷ ከትንሽ የባሕር ወደብነት ወደ ከተማነት ትሻገር ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፈቱ፤ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደውም መንገድ በአንዳሳ የፎገራን ከብት ዘር የሚያጠና ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእነዚሁ ዓመታት የአሜሪካ መሐንዲሶችና የአፈር ሊቃውንት የዓባይን ተፋሰስ ሁሉ እየዞሩ አጥንተው በ1956 ዓ.ም. ገደማ በብዙ ቅጽ የታተመ ሰፊ ዘገባ አቀረቡ፤ በዚህም ውስጥ ወደ ጣና ስለሚገቡት ስለ መገጭ፣ ስለ ርብና ስለ ጉማራ ወንዞች የመስኖ ዕቅድ ተነድፎ ነበር። የርብ ግድብ የተሠራው ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ላይ የመካሪነት ሥራ በሁለት ደረጃ መከፈሉን እናያለን። ከውጭ አገር በውል የመጣው አማካሪ በአገሩ ገንዘብና በአገሩ ሚዛን ይከፈለዋል፤ መኖሪያ፣ መጓጓዣና የዕረፍት ጊዜ በውሉ ተጽፎለታል፤ ሥራውም ዘገባውን ባስረከበ ዕለት ተፈጽሟል ይባላል። አገር ተወላጁ የጣቢያ ሠራተኛ ግን ዘገባው ቢሠራም ባይሠራም ከገበሬው ጋር ይቀራል፤ የተነገረው ውኃ ካልመጣ፣ የት ደረሰ ተብሎ የሚጠየቀውም እርሱ ነው። የመጡት ሊቃውንት ዕውቀት ለአገሪቱ የሚጠቅም እንደ ነበረ አይካድም፤ ሆኖም አገር ዕቅድ ለሚነድፍ ብዙ፣ ዕቅዱን በጭቃ ውስጥ ለሚያስፈጽም ጥቂት መክፈልን የለመደችው በዚያን ጊዜ ነው፤ ልማዱም ከገንዘቡ ይልቅ ሥር ሰደደ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በስዊድን ርዳታ በአርሲ ከተጀመረው የጭላሎ ፕሮጀክት ልምድ በመነሣት፣ አነስተኛ የፓኬጅ ፕሮግራም የሚባለው በብዙ ጠቅላይ ግዛት ተዘረጋ። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ዘርና ብድር በአንድነት እንዲደርሱ ታስቦ፣ ወጪው እንዲቀልም ጣቢያዎቹ ክረምት ከበጋ በሚያስኬዱ መንገዶች ዳርና ዳር ተቋቋሙ። በዚህም ምክንያት በመንገድ ዳር ያለው ገበሬ መካሪ ሲያገኝ፣ በደቅ ደሴት፣ በባሕሩ ምዕራብ ዳርቻና በየጎድጓዳው ያለው ብዙ ዘመን ጠበቀ። መንገድ ባለበትም ቢሆን የጣና ዳር ክረምት የዋዛ አይደለም፤ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ ቀበሌ ከቀበሌ ይቆራረጣል፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ወባ ይነሣል። የጣቢያ ሠራተኛው በእግሩ ወይም በበቅሎ እየተጓዘ፣ በገበሬ ቤት በኪራይ ወይም በእንግድነት እያደረ፣ ደመወዙን ለመቀበል የሥራ ቀን አጥፍቶ ወደ ከተማ እየወረደ ይኖር ነበር። ቤተሰብ ያለው ከሆነም ሚስቱና ልጆቹ በከተማ፣ እርሱ በገጠር ሆነው አንዱን ደመወዝ በሁለት ጎጆ ይከፍሉታል፤ ይህ የኑሮ ሁኔታ ደግሞ በምንም የደመወዝ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ፣ የመካሪው ተስፋ እጅግ የሰፋ መሰለ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ገበሬዎችን በስብሰባ ሊያገኝ ቻለ። ነገር ግን በዚያው ስብሰባ ላይ ባለሙያው እንዲናገር የታዘዘው ስለ ዘር ብቻ አልነበረም። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያደራጅ፣ የብድርና የግብር ክፍያ እንዲያስፈጽም፣ በኋላም የመንደር ምሥረታውን እንዲያግዝ ተደረገ፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የሚወስደው ኮታም በጎጃም ገበሬ ላይ በብርቱ የከበደ ስለ ነበረ፣ ምርት ጨምር የሚለው ምክር ለገበሬው ኮታህን ጨምር እንደ ማለት ሆነበት። እንግዲህ ገበሬው የባለሙያውን ምክር ባይቀበል ስለምን ይወቀሳል?

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፈለው በደርግ ዘመን ለዲፕሎማ ምሩቅ መነሻው 347 ብር፣ ለዲግሪ ምሩቅም 500 ብር ነበር። ይህ ገንዘብ በዘመኑ መጀመሪያ ቤት ለማቆምና ዘመድ ለመርዳት የሚበቃ ነበር፤ ነገር ግን መነሻው ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ የገበያው ዋጋ ስለ ጨመረ፣ በየዓመቱ በቁጥር እኩል፣ በኃይል ግን እያነሰ ሄደ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲለወጥ፣ ቀድሞ በቀስታ ይመነምን የነበረው በአንድ ጊዜ ታየ።

ሆኖም ከዚያው ጭንቅ ዘመን ለጣና ዳር የተረፈ ታላቅ ፍሬ አለ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ሩዝን አስለመዱ፤ የቦታው ስም የቀረለት ኤክስ ጅግና የተባለውም ዘር ከዚያ ተሰራጨ። ማኅበራቱ ከደርግ ጋር ሲፈርሱ ሩዙ አልፈረሰም፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በቀሪው እርጥበት ከሚበቅል ጓያና ሽምብራ በቀር ብዙም የማይገኝበት የነበረው ሜዳ ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ዋና ማዕከል ሆኗል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሞለታል። ይህ ምሳሌ የሚያስተምረን፣ ምክሩ ለገበሬው ማሳ የሚስማማ ሲሆንና ትርፉ በራሱ ጎተራ ሲቀር፣ የሚያስገድድ ሹም ሳያስፈልገው ከገበሬ ወደ ገበሬ የሚሄድ መሆኑን ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ባሕር ዳር የአማራ ክልል መዲና ስትሆን፣ የእርሻ ባለሙያው ቢሮ ወደ ገበሬው ቀረበ። በ1985 ዓ.ም. በኖርማን ቦርሎግ የሚመራው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በሰርቶ ማሳያ ማሳዎች ያሳየውን ውጤት መሠረት አድርጎ፣ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ምክር (የኤክስቴንሽን) ሥርዓት ዘረጋ። በ1990ዎቹም በመላ አገሪቱ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው፣ ከእነዚህም አንዱ በወረታ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ 60,000 ያህል ወጣቶችም በአጭር ዓመታት ውስጥ ሠለጠኑ። በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ብዛት ያለው የእርሻ መካሪ ያሰማራ አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ይህም ለኢትዮጵያ ክብሯ ነው።

ግን ብዛቱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ድርሻ አሳነሰው። ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ሦስት ዓመት የተማረ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ሠላሳ ክረምት ያረሰውን አባወራ እንዲመክር ሲላክ፣ ለእርሱም ለአባወራውም የሚከብድ ነገር ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛው ቤት ቆሞ የሙከራ ማሳው ዘርና መሣሪያ ያጣበት፣ ለሠራተኛው የታሰበው መኖሪያ በርና መስኮት ሳይገባለት የቀረበት ቀበሌ ብዙ ነው። ማዳበሪያ በብድር ሲሰጥ ቅድመ ክፍያውን የሚያሰባስበው፣ መከሩም ሲገባ ዕዳውን የሚያስታውሰው ይኸው ወጣት ሆነ፤ ሰብሉ በጎርፍ የጠፋበት ገበሬ ደጃፍ ላይም ቆሞ ሲጠይቅ፣ በሰኔ የሰጠው ምክር በጥር ዕዳ ሆኖ ይታያል። ሌላውንም ሁሉ፣ ስብሰባ መጥራቱን፣ ምዝገባውን፣ የተፋሰስ ሥራ ሕዝብ ማስወጣቱን፣ የምርጫ ሰሞን ቅስቀሳውን ሲጨምሩበት፣ ለተማረበት ሙያ የሚተርፈው ቀን ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ብርቱዎቹ በማታና በክረምት ትምህርት ዲግሪ ይዘው ወደ ወረዳ፣ ወደ ቢሮ ወይም በርዳታ ድርጅቶች ወደሚከፈለው የተሻለ ደመወዝ ሄዱ፤ ከሄዱበትም አንዳንዶቹ በአማካሪነት ተመልሰው፣ ትናንት በቀበሌ ያለ አበል የሠሩትን ሥራ ዛሬ በቀን አበል ያጠኑታል። ወጣቱን መሄዱ አያስወቅሰውም፤ ሥርዓቱ ግን ከማሳ መራቅን ሽልማት አድርጎታል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመካሪው ሸክም በሌላ መልክ ከብዷል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በነጻ የስልክ ቁጥር 8028 ደውሎ በአማርኛ ምክር መስማት ችሏል፤ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን እምቦጭ የጣናን ዳርቻ ሲወርር አረሙን በእጅ ለመንቀል ውኃ ውስጥ ከገበሬው ጋር የሚቆመውን ሰው ስልክ አይተካውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች እስከ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ሲሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ማዳበሪያ አትዝሩ ሲል የኖረው ባለሙያ በእጁ የሚሰጠው አልነበረውም። ከዚያው ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ፣ በቀበሌ የሚኖረውን ሠራተኛ የመንግሥት ደመወዝተኛና የገበሬው ጎረቤት በመሆኑ ብቻ በሁለት እሳት መካከል አቆመው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ጭማሪው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዋጋው እጅግ ስለ ወረደ፣ የተጨመረው የጠፋውን እንኳ ሊተካ አልቻለም።

ኦሪት የሚያበራየውን በሬ አፉን እንዳታስር ስትል፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ይህንኑ ለወንጌል ሠራተኞች መብት ሲያውለው፣ በአውድማ የሚደክም ሁሉ ከአውድማው ተካፋይ እንዲሆን ማዘዛቸው ነው። የጣና ዳር የእርሻ ባለሙያ ከድካሙ ፍሬ በሁለት ወገን ተከልክሏል፤ በገንዘብም፣ በአመኔታም። ገንዘቡን በአንድ ቀን ደብዳቤ መጨመር ይቻላል፤ አመኔታው ግን የሚመለሰው ለአንድ ትውልድ ያህል ሳይቋረጥ በሚደረግ ጠባይ ነው። ስለዚህ ደመወዝ ይጨመር ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ብድር አስከፋይነት፣ ቅስቀሳና ምዝገባ ከባለሙያው ላይ ይነሡለት፤ በቀበሌ የሚያድርበት ደኅና ቤትና የሚጓዝበት መጓጓዣ ይሰጠው፤ በማሳ ላይ የቆየና በሥራው የተመሰከረለትም ሰው ወንበር ሳይሻ፣ ከቢሮ ኃላፊው ጋር እኩል ደረጃ የሚደርስበት መንገድ ይከፈትለት፤ ዕድገቱንም ሲመዝኑ የሚያገለግላቸው ገበሬዎች ቃል ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው አዲስ ነገር አይደለም፤ የአጥቢያው ገበሬዎች ደብተራቸውን በመከር ማግሥት በራሳቸው ሚዛን ይመዝኑት ነበር። የእርሻ ሚኒስቴር ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተሞከረው፣ መካሪውን መካሪ ብቻ አድርጎ መቅጠር ነው።